ቀለሙ ሳይደርቅ

ሳሎኑን ማሽኑ ከያዘው ወዲህ ሶፋው ማድ ቤት ገባ፣ ቡፌው በረንዳ ላይ ወጣ፣ ፋንታዬ ደግሞ በገዛ ቤቷ መቀመጫ አጥታ ግድግዳው ጥግ በርጩማ ላይ ቀረች።

ቤቱ ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ባሏ ወልደ ማርያም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከመንዝ መጥቶ ሠራው፤ ሁለት ልጅ ወለደበት፤ ሞተበት። የመጀመሪያዋ ልጁ ሳባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረች። ከተመረቀች በኋላ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለገች፤ ሥራም ሦስት ዓመት ሸሻት። በመጨረሻ የሰው ስልክና ፕሪንተር እየጠጋገነች፣ በተረፋት ጊዜ ይህን ማሽን መሥራት ጀመረች።

ማሽኑ ሥዕል የሚሥል ነው። ከመስኮት ሠሪዎች የተራረፈ አሉሚኒየም ገጣጥማ የአልጋ ያህል ክፈፍ አበጀችለት። ከሞቱ ፕሪንተሮች ሆድ ሞተርና ቀበቶ አወጣች። በክፈፉ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ክንድ አለ፤ የክንዱ ጫፍ ብሩሽ ይነክሳል። ኮምፒውተሩ ያዘዘውን ብሩሽ አንሥቶ፣ ቀለም ነክሮ ይሥላል። በቃህ ሲባል ያንን ብሩሽ ቀዳዳው ውስጥ መልሶ ይተክልና ሌላ ያነሣል። ብሩሽ በለወጠ ቁጥር «ጠቅ» ይላል። ፋንታዬ መጀመሪያ ሰሞን «ጠቅ» ባለ ቁጥር ታማትብ ነበር።

ችግሩ ብሩሹ ነበር። ከሱቅ የተገዛው ጸጉሩን እያረገፈ ሸራውን የድመት ጢም የተበተነበት አስመሰለው። ሳባ ሦስት ዓይነት ሞክራ ሦስቱንም ወረወረች። ፋንታዬ አንዱን ከመሬት አንሥታ በጣቷ አሻሸችው።

«ይሄ ከምን የተሠራ ነው?»

«ከናይለን።»

«ናይለን ቀለም ይጠጣል እንዴ? ዝናብ እንኳ የማይዘልቀውን!»

በማግስቱ ከሥጋ ቤት የፍየል ጭራ፣ ከጋሪ ነጂ የፈረስ ጭራ ለምና መጣች። ጸጉሩን አጥባ፣ አበጥራ፣ በክር አሥራ፣ በሙጫ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ተከለችው። ለሰፊው መደብ ከእንሰት ቃጫ በደንብ የተፋቀውን መርጣ የመዳፍ ስፋት ያለው ብሩሽ ሠራች። ቀለሙን ጠጥቶ ቀስ እያለ የሚተፋ ብሩሽ ሆነ። ሳባ እናቷን አቅፋ ዞረች። በወሩ መጨረሻ ብሩሾቹ አሥራ አንድ ደረሱ።

ፋንታዬ ያን ጊዜ ፊደል እየቆጠረች ነበር። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት የገባችው ልጇ ትንሣኤ ከመንገድ የላከላትን አጭር መልእክት ለጎረቤት ማስነበብ ስለመረራት ነው። ስለዚህ የብሩሾቹን ቀዳዳ ራሷ ጻፈችባቸው፤ ከ«ሀ» እስከ «ተ»። ሳባም ኮምፒውተሩ ላይ ያንኑ ፊደል አስገባች። ማሽኑ ብሩሽ ሊለውጥ ሲል ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ይወጣል። ፋንታዬ በርጩማዋ ላይ ሆና «መ» ትላለች፤ ክንዱም ሄዶ «መ»ን ያነሣል። አንዳንድ ጊዜ እሷ ትቀድመዋለች። ከትንሣኤ መሄድ ወዲህ ልቧ ትንሽ ዕረፍት የሚያገኘው እዚያች በርጩማ ላይ ብቻ ነበር።

ትንሣኤ እንደ እህቱ ሥራ ሲሸሸው ቆሞ አልጠበቀም። የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር፣ ቲቶ ከሚባለው የሺንሺቾ ልጅ ጋር ሆኖ፣ ብዙ የአገሩ ልጅ በሄደበት መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከሞያሌ ደወለ። ከናይሮቢ ደወለ። ስምንት ወር ይሆነዋል፣ ከታንዛኒያ ደውሎ «እማዬ፣ ድምፄ ቢጠፋ እንዳትደነግጪ፤ ደላሎቹ ስልክ ይወስዱብናል» አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ፋንታዬም ደነገጠች።

የቲቶ አባት መምህር አጵሎስ ይባላል። እሱና ፋንታዬ በየእሑዱ ይደዋወላሉ።

«ሰሙ እንዴ?»

«አልሰማሁም። እርስዎስ?»

«እኔም።»

ጠቅላላ ወሬያቸው ይኸው ነው፤ ግን ሳምንቱን የሚያሻግራት እሱ ነበር። ባለፈው እሑድ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ አላነሣም። ባትሪ አልቆበት ይሆናል ብላ ተወችው። ባትሪው ያለቀ ስልክ እንደማይጠራ ሳባ ነግራታለች፤ ያን ቀን ግን ማሰብ አልፈለገችም።

በዚያ ሰፈር ትልቅ ፎቶ ደግ ነገር አይደለም። በዚያ መንገድ የቀረ ልጅ ሬሳው አይመጣም። ስለዚህ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ፎቶው ጎልቶ ታትሞ በሬሳው ፋንታ ይቆማል፤ ሰውም ወደ እሱ ዞሮ ያለቅሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ እነ ፋንታዬ ሰፈር ብቻ ሦስት ፎቶ ቆሟል። መርዶም የራሱ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፤ እናት ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው የምትሰማው። ወሬው የደረሰው ሰው መጀመሪያ ለእድሩ ዳኛ ሹክ ይላል። ዳኛው የንስሐ አባቷን፣ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን በቀስታ ያሰናዳል። ከዚያ በማለዳ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። ፋንታዬ በማለዳ በር የሚያንኳኳ ሰው አትወድም። ወተት አመላላሿን እንኳ «ከስድስት ሰዓት በኋላ ነይ፤ ቢረጋም ግድ የለም» ብላታለች።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ከተማው ውስጥ የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ሊዘጋጅ ነው ተባለ። ሳባ ማሽኗን ልታቀርብ ቆረጠች።

«እስካሁን የሣልነው ሙዝና ጣሳ ነው» አለች። «በሱ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። የሰው ፊት ያስፈልገኛል። አንድ ሯጭ ልሥራ መሰለኝ።»

«የሰው ልጅ ምን ያደርግልሻል? የራሳችን ልጅ እያለ!»

ሳባ ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። «ትንሣኤን?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

«እማዬ፣ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደሽ ሣጥን ውስጥ የቆለፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? አሁን ሰው ምን ይላል?»

«ያ ፎቶ ነው፤ ይሄ ሥዕል ነው። ፎቶ ማተሚያ ቤት ነው የሚወጣው። ሥዕል ግን በእጅ ነው የሚሠራው።»

«በማሽን ነው እንጂ!»

«ብሩሹን ማን ሠራው?»

ሳባ ሳቀች። «እሺ። ግን ከሳሎን አይወጣም፤ ወደ ኤግዚቢሽኑም ስወስደው ሸፍኜ ነው።»

ፋንታዬ ለሳባም ለንስሐ አባቷም ያልተናገረችው ሌላ ምክንያት ነበራት። የልጇ መልክ እየጠፋባት ነበር። ጆሮውን ታስታውሳለች። ቅንድቡ ላይ ያለችውን፣ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ያመጣትን ጠባሳ ታስታውሳለች። ፊቱን አንድ ላይ ልሰብስብ ስትል ግን ይበተንባታል። ሣጥኑን ከፍታ ፎቶውን እንዳታይ ደግሞ ያ ፎቶ በዓይኗ ላይ ድንኳን ውስጥ ይቆምባታል። ሥዕል ከሆነ አይቆምም ብላ ራሷን አሳመነች።

ሁለት ቀን ጠፍቶ የሰነበተው መብራት ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ መጣ። ሳባ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። ነጩን ሸራ ከክፈፉ ሥር ዘረጋች፣ ቀለሙን በየጣሳው ቀዳች፣ ስልኳ ላይ የነበረውን የትንሣኤን ፎቶ ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ መጀመሪያ የቃጫውን ብሩሽ አነሣ። ከመንገዱ ማዶ ከትርፊት ሱቅ ሬዲዮ የአንድ ሰዓቱ ዜና ሲነበብ ሸራው ላይ የነበረው ቡናማ መደብና የጸጉሩ ጥቁረት ብቻ ነበር። ፊት የለውም። ፋንታዬ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ፊቱስ?»

«ቀስ ይላል እማዬ፤ ፊት ላይ ስድስት ጊዜ ነው ብሩሽ የሚለውጠው።»

ሁለት ሰዓት ላይ ሳባ ለኤግዚቢሽኑ ለመመዝገብ ወጣች። በር ላይ ሆና «ሲጨርስ ራሱ ይቆማል» አለች። «አንቺ መስኮቱን ብቻ ክፈቺለት፤ እንዳትነኪው። የዘይት ቀለም ነው፣ ቶሎ አይደርቅም።»

ፋንታዬ በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች። «ሠ» አለች፤ ክንዱ ሄዶ «ሠ»ን አነሣ። ግንባሩ መጣ። «ሰ» አለች፤ አፍንጫው መጣ። ማሽኑ አያመነታም፤ እንደ ሰው ራቅ ብሎ አያይም፤ የልጇን ፊት እንደ ግድግዳ ምርጊት እየሞላ ሄደ። ቅንድቡ ጋ ሲደርስ ክንዱ ትንሽ ዞር አለና ለጠባሳዋ ክፍተት ትቶላት አለፈ። ፋንታዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በቀጭኑ በ«ቀ» መጀመሪያ ቀኝ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ግራውን ሣለ። ከዚያ «ጠቅ» ብሎ ቆመ።

ትንሣኤ ያያታል።

ተመልሶ እንደገባ ሁሉ «የኔ ጌታ» አለችው። «የት ነበርክ?»

መስኮቱን ከፈተች። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ጨለም ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ስለሰነበተ ግድግዳው ርጥበት ይዟል። ውጭ ግን ፀሐይ ወጥታለች። በፀሐይ ቶሎ ይደርቅላታል ብላ አሰበች። ከዚህም ይልቅ፣ ልጇን በብርሃን ልታየው ፈለገች። ሸራውን በሁለት እጇ ጠርዙን ብቻ ይዛ፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ ወጣች። በርጩማው ላይ አቆመችው፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ፀሐይዋ በመንገዱ በኩል ነበረች። አጥሩ አጭር ነው።

ትንሽ ቆማ አየችውና ብሩሾቹን ሰብስባ ወደ ጓሮ ሄደች፤ በነጭ ጋዝ ካልታጠቡ ይደርቃሉ። አራተኛውን ብሩሽ እያጠበች ሳለች ነው ከፊት ለፊት በር ያ ድምፅ የመጣው።

«ወየው! ወየው! ወየው! ትንሣኤ! ትንሣኤዬ!»

የትርፊት ድምፅ ነበር። ባለሱቋ ትርፊት ትንሣኤን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብስኩት እየሰጠች ያሳደገችው ናት። የጋዙ ጣሳ ከፋንታዬ እጅ ወደቀ። እንግዲህ መጣ፤ እናት ከሁሉ በኋላ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ትርፊት አላስችል ብሏት ቀድማ ወጣች። ይህን ሁሉ ያሰበችው አንድ እርምጃ እስክትራመድ ነው። ሁለተኛውን እርምጃ ስትራመድ እሷም እየጮኸች ነበር።

ትርፊት ሥዕሉ እግር ሥር ተንበርክካለች። ፋንታዬ ደረቷን እየደቃች ስትመጣ ባየች ጊዜ ጩኸቷን እጥፍ አደረገችው። የትርፊት ጩኸት ሲብስ ፋንታዬም ባሰባት። አንዷ ሌላዋን አቅፋ ተንከባለሉ። ጎረቤት በአጥር ዘለለ። ወንዶቹ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የእድሩ ጎረምሶች ሸራና ቋሚ እንጨት ተሸክመው ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

በለቅሶ ቤት «ማን ነገረህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥዕሉ ቆሟል፣ እናቲቱ ወድቃለች፤ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ መጣ። ከኋላው፣ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ መምህር አጵሎስ ገባ። ፋንታዬ ስታየው «መምህር፣ ልጆቻችን!» ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ ያዛት። ከዚያ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ረጅም ሰው ነው፤ ሥዕሉን ለማየት ጎንበስ አለ። «ልጄን፣ ልጄን» አለ በቀስታ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦም ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሳባ የምዝገባውን ወረቀት ይዛ ስትመለስ ድንኳኑ ሁለት ቋሚ ተተክሎለት ነበር። ወረቀቱ ከእጇ በረረ። ሮጣ ገብታ እናቷን ይዛ ጮኸች፤ ሰውም አብሯት ጮኸ። ግን ትርፊት ልታቅፋት ስትመጣ ሳባ ድንገት ዝም አለች። የትርፊት ከንፈርና ጉንጭ ቡናማ ሆኗል። ነጠላዋም ቡናማ ነክቷል። ሳባ ዞራ ሥዕሉን አየች። የትንሣኤ ጉንጭ ተፍቋል።

«እትዬ ትርፊት፣ ሥዕሉን ስመሽዋል?»

«እንዴት አልስመው! እንዴት አልስመው!»

«ማን ነገረሽ?»

«እ?»

«ትንሣኤ መሞቱን ማን ነገረሽ?»

ትርፊት ወደ ሥዕሉ ዞረች። «ማንም... ከሱቄ ሆኜ ቀና ስል ምስሉ ቆሟል። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሮጬ መጣሁ። ያኔ እናትሽ እየጮኸች ወጣች አይደል እንዴ?»

ፋንታዬ ከወደቀችበት ቀና አለች። «እኔ እኮ አንቺ ስትጮሂ ሰምቼ ነው!»

«እኔ ደግሞ ምስሉን አይቼ!»

«ምስሉን እኔ ነኝ ያወጣሁት። እንዲደርቅ!»

ሳባ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «እናንተስ? ስልክ የመጣለት አለ? የሰማ አለ?» ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ «እኔ እነሱ ሲገቡ ገባሁ» አለ። ሌላው «እኔ ድንኳን አምጣ ተባልኩ» አለ። አንዲት አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እንደው ልጆቼ፣ ማን ነው የሞተው?» ሲሉ ከጥግ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሳቁ እንደ ለቅሶው ተዛመተ።

«ትርፊት፣ የልጁን ጉንጭ በልተሽ ጨረስሽው!»

«ይምጣና ይጠይቀኛ! እኔም እንባዬን እጠይቀዋለሁ!»

«ሟርተኛ! አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪ!»

«በጋዝ ነው እንጂ፤ ይሄ ቀለም በውኃ አይለቅም!»

«ግድ የለም» አሉ አሮጊቷ። «በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል።»

ፋንታዬ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠች ትስቃለች፤ እንባዋ አልቆመም፤ ግን ትስቃለች። ሰውነቷ ወባ እንደለቀቀው ሰው ቀለላት። ጎረምሶቹ ጋሽ ሽብሩን «ድንኳኑ ይነቀል?» ብለው ጠየቁት። ጋሽ ሽብሩ መምህር አጵሎስን አየው። «ተዉት» አለ። ወዲያው ደግሞ «አይ፣ ንቀሉት፣ ንቀሉት» አለ። «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ። ሴትየዋ ትረፍ።»

ሰዉ እየተቃለደ መውጣት ጀመረ። መምህር አጵሎስም ሊነሣ ሲል ፋንታዬ ኮቱን ያዘችው።

«ወዴት? ከሺንሺቾ ድረስ መጥተው ባዶ ሆድዎን? በፍጹም! ጋሽ ሽብሩ፣ አንተም ቁጭ በል።»

ሳሎኑ ማሽን ስለሆነ በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው። ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አቃንታ፣ ቆጮና ጎመን በአይብ አቀረበች። ሳባ ሥዕሉን ከፀሐይ አንሥታ በረንዳው ጫፍ ላይ አቁማ፣ በእጇ በያዘችው ብሩሽ የተፋቀውን ጉንጭ ትጠጋግን ነበር። ፋንታዬ እጃቸውን አስታጠበች። አፏ አላርፍ አለ።

«ይዩ እንግዲህ መምህር፣ የሰው ሞኝ! እኔው አውጥቼ፣ እኔው አልቅሼ! ይብሉ እንጂ፤ ምነው? የሞተ የለ!»

መምህር አጵሎስ ቆርሶ በእጁ ያዘ። አልጎረሰም።

«ከቲቶስ ምንም ወሬ የለም?»

«የለም» አለ ወደ ሳህኑ።

«እሑድ ደውዬ አጣሁዎት።»

«ባትሪ... ባትሪ አልቆብኝ።»

«እኔም እንደዚያው አልኩ።» ፋንታዬ ማሰሮውን አንሥታ ውኃ ቀዳችላቸው። «ለመሆኑ ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?»

«ለትምህርት ቢሮ ጉዳይ ነው የመጣው» አለ ጋሽ ሽብሩ።

«ለቅሶውን ሰምቼ ነው» አለ መምህር አጵሎስ።

ሁለቱም እኩል ነው የተናገሩት። ፋንታዬ ውኃ እየቀዳች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«የት ሆነው ሰሙት?» አለች።

«ፋንታዬ፣ ተቀመጪ እስቲ፤ አንቺም ብዪ» አለ ጋሽ ሽብሩ።

«የት ሆነው ሰሙት፣ መምህር?»

«እዚያው... ሺንሺቾ።»

«ስንት ሰዓት ተነሡ?»

መምህር አጵሎስ ሠላሳ ዓመት ልጆችን አትዋሹ ሲል የኖረ ሰው ነው። ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አነሣ። «አንድ ሰዓት ላይ» አለ። «በመጀመሪያው መኪና።»

የሳባ ብሩሽ ሥዕሉ ላይ ቆመ።

ፋንታዬ ቀስ ብላ ቆጠረች። ቁጥር የተማረችው በቅርቡ ስለሆነ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሥዕሉ ከቤት የወጣው አራት ሰዓት ነው። ትርፊት የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ሰዓት ትርፊት ሱቅ ዜና ይነበብ ነበር፤ ሸራው ላይ ጸጉር ብቻ ነበር፤ ፊት አልነበረውም። በአንድ ሰዓት በዓለም ላይ ለትንሣኤ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ይህ ሰው ግን በአንድ ሰዓት ጥቁር ኮቱን ለብሶ መኪና ውስጥ ገብቷል። ሆሳዕና ሲደርስም መጀመሪያ የሄደው ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ እድሩ ዳኛ ነው። ለቅሶውን ሲሰሙ ሁለቱም የመሰላቸው ሌላ ሰው ቀድሟቸው የነገራት ነው። ስለዚህ አለቀሱ። ስህተት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲስቅ እነሱ አልሳቁም። ነገ በማለዳ በሯን ሊያንኳኩ ነው።

ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወይዘሮ ፋንታዬ» አለ መምህር አጵሎስ። «ቲቶ ቅዳሜ ደወለልኝ። ከማላዊ...»

«ምን አለ?» ሳባ ብድግ አለች። «ምን አለ መምህር?»

«አትጠይቂው» አለች ፋንታዬ። «ያልጎረሰ ሰው ነው።»

ጋሽ ሽብሩ ቆቡን ከራሱ አወረደ። ከመንገዱ ላይ የሚመለሰው ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንዱ በትርፊት ይቀልዳል፤ ጎረምሶቹ ድንኳኑን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳገቱን እየወረዱ ነው። ፋንታዬ ወደዚያ አየች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደችና ጥለቱን ፈልጋ እንደገና አዘቀዘቀችው።

«ጋሽ ሽብሩ» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለና ጥርት ያለ ነበር፤ «ሰዎቹን ጥራቸው። ገና ሩቅ አልሄዱም።»